በፑንታው ውስጥ ያለው ኮባልትና በሕክምና ማሽኑ ውስጥ ያለው ኮባልት

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምሠራው ቶርኖ ቤት ነው። ጠንካራ ብረት የምንበሳባቸው ፑንታዎች ላይ ‹ኮባልት› የሚል ጽሑፍ አለ። እናቴ ደግሞ በካንሰር ታማ በኮባልት ማሽን የጨረር ሕክምና ወስዳለች። ሁለቱ ኮባልቶች አንድ ናቸው? በፑንታው ውስጥ ያለው ኮባልት 59 ስለሆነ የተረጋጋ ነው ይላሉ፤ የተረጋጋ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ፑንታው ሲግል ወይም በጊዜ ብዛት ወደ 60 አይለወጥም? እናቴስ የልጅ ልጆቿን ማቀፍ ትችላለች?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ የሚያስጨንቀው እሱ ነውና። እናትዎ የልጅ ልጆቻቸውን ዛሬውኑ ይቀፉ። ከማሽን የተላከ ጋማ ጨረር በሰው ገላ ውስጥ አያድርም፤ ሕክምናው ባለቀባት ቅጽበት ጨረሩም አልቋል። ፑንታውም ጨረር የለውም፤ ቢግል፣ ቢቀጠቀጥ፣ መቶ ዓመት በመሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ወደ 60 አይለወጥም። የቸኮለ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቆም ይችላል። ጥያቄው ግን ከዚህ የሰፋ መልስ ይገባዋል፤ ምክንያቱም የሕክምናው ማሽን ጉልበት ከየት እንደመጣ የሚታወቀው ያንኑ ሰላማዊ ኮባልት 59 ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ነው።

የማንኛውም ኮባልት ኒውክለስ (የአቶሙ እምብርት) 27 ፕሮቶኖች አሉት። 27 ካልሆነ ኮባልት አይደለም፤ 26 ቢሆን ብረት፣ 28 ቢሆን ኒኬል ይባላል። ከፕሮቶኖቹ ጋር የሚቀመጡት ኒውትሮኖች ቁጥር ግን ሊለያይ ይችላል። 32 ሲሆኑ ኮባልት 59 ይሆናል፤ 33 ሲሆኑ ኮባልት 60። ልዩነቱ አንድ ኒውትሮን ነው። ቀለሙ፣ ጥንካሬው፣ ማግኔት መሆኑ፣ ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር የሚዋሐድበት መንገድ ሁሉ የሚወሰነው በፕሮቶኖቹና በኤሌክትሮኖቹ ስለሆነ በኬሚስትሪ ረገድ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ሰውነታችንም አይለያቸውም። ቪታሚን ቢ12 በሞለኪውሉ መካከል አንድ የኮባልት አቶም አለው፤ ሐኪሞች አንጀት ቪታሚኑን መምጠጥ አለመምጠጡን ለማወቅ በኮባልቱ ቦታ ጥቂት ራዲዮአክቲቭ ኮባልት 57 የተተካበትን ቢ12 በሽተኛውን ያስውጡና በሽንቱ የሚወጣውን ይለኩ ነበር። አንጀት «ይህስ 57 ነው» ብሎ አልመለሰውም፤ ምርመራው የሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በኒውክለሱ በኩል ያለው ልዩነት ግን ሌላ ዓለም ነው። እጅዎ ላይ ያለውን ባለ 10 ሚሊሜትር ፑንታ እንውሰድ። በኮባልት የተጠናከረ የፑንታ ብረት ከመቶ 5 ወይም 8 ያህል ኮባልት ይገባበታል፤ ፑንታው 60 ግራም ይመዝን ብንል በውስጡ 3 ግራም ያህል ኮባልት አለ ማለት ነው። ይህ ወደ 30 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን አቶም ይሆናል። ከእነዚህ መካከል ዛሬ አንዱም አይፈራርስም፤ ነገም፣ ከሚሊዮን ዓመት በኋላም። ያው 3 ግራም በሙሉ ኮባልት 60 ቢሆን ኖሮ ግን በእያንዳንዱ ሰከንድ 125 ሺህ ቢሊዮን ገደማ ኒውክለሶች ይፈራርሱ ነበር፤ ከፑንታው 1 ሜትር ርቆ ያለ መከለያ የቆመ ሰውም ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ለሞት የሚያበቃ ጨረር ይቀበል ነበር። አንድ ኒውትሮን የሚያመጣው ለውጥ ይህን ያህል ነው።

አሁን ወደ «የተረጋጋ» እንምጣ። አንድ ኒውክለስ የሚፈራርሰው ሲፈራርስ ኃይል የሚያተርፍ ከሆነ ነው፤ የተሻለ ማረፊያ ካለው ይዋል ይደር እንጂ ወደዚያ መሄዱ አይቀርም። ኮባልት 59 ግን በየትኛውም መንገድ ቢሄድ ይከስራል። አንድ ኒውትሮን ለመጣል ከውጭ 10.45 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (ለአቶም ዓለም የሚያገለግል ትንሽ የኃይል መለኪያ) ይፈልጋል። አንድ ፕሮቶን ለመጣል 7.36 ሚሊዮን። እንደ ዩራኒየም አልፋ ቅንጣት (ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን የያዘ ቁራጭ) ልትፋ ቢል ደግሞ 6.9 ሚሊዮን ከኪሱ መክፈል አለበት። ከራሱ የሚያወጣው ነገር ስለሌለው ዝም ብሎ ይቀመጣል። የተረጋጋ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ስለ ሙቀቱም መልሱ ከዚሁ ቁጥር ውስጥ ይገኛል። ኮባልት በፑንታ ብረት ውስጥ የሚጨመረው ጫፉ ግሎ ቀይ እስኪሆን ድረስ እንኳ ስለቱን እንዳይለቅ ነው፤ ይህን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ፑንታው 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ አንድ አቶም ከሙቀቱ የሚያገኘው ኃይል ከአንድ ኤሌክትሮን ቮልት በብዙ ያነሰ ነው። ኒውክለሱን ለመነካካት የሚያስፈልገው ደግሞ ሚሊዮኖች ነው። እሳት፣ መዶሻ፣ የኤሌክትሪክ ብየዳ፣ አሲድ፤ እነዚህ ሁሉ የሚደርሱት እስከ ኤሌክትሮኖቹ ድረስ ብቻ ነው። ኒውክለሱ መበየድ እየተካሄደ መሆኑን እንኳ አያውቅም።

ብዙዎች የማይጠይቁት፣ እኔ ግን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ነገር አለ። ብረት አራት የተረጋጉ አይሶቶፖች (በኒውትሮን ቁጥር ብቻ የሚለያዩ ዓይነቶች) አሉት፤ ኒኬል አምስት። በመካከላቸው የተቀመጠው ኮባልት ግን አንድ ብቻ፣ 59ን። ከምድር የሚወጣ ኮባልት፣ ከኮንጎ ካታንጋ የተቆፈረውም ይሁን ከሌላ ቦታ፣ መቶ በመቶ 59 ነው። ለምን?

ፕሮቶኖችም ኒውትሮኖችም በየራሳቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው መቀመጥ ይወዳሉ። የፕሮቶኖቹ ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ አንዱ ያለ ጥንድ ይቀራል። ኮባልት 27 ስላለው ገና ከመነሻው አንድ ብቸኛ ፕሮቶን አለው። ኒውትሮኖቹም ጎዶሎ ከሆኑ፣ ኮባልት 58 (31 ኒውትሮን) እና ኮባልት 60 (33 ኒውትሮን) ላይ እንደሚታየው፣ ሁለት ብቸኞች ይኖራሉ። በዚህ ጊዜ አንዱ ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን፣ ወይም አንዱ ፕሮቶን ወደ ኒውትሮን ቢለወጥ ሁለቱም ወገን ሙሉ ይሆናል፤ ኃይልም ይተርፋል። ስለዚህ 58 በ71 ቀን ግማሽ ዕድሜ (ከአቶሞቹ ግማሹ የሚፈራርስበት ጊዜ) ወደ ብረት 58 ይሄዳል፤ 60 በ5.27 ዓመት ግማሽ ዕድሜ ወደ ኒኬል 60።

የቀሩት ኒውትሮናቸው ሙሉ የሆኑት ናቸው፦ 57፣ 59፣ 61። እነዚህ ጠቅላላ ቁጥራቸው ጎዶሎ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጎዶሎ ቁጥር ደግሞ ተፈጥሮ አንድ ወንበር ብቻ ነው ያስቀመጠችው። 57 ቁጥር ወንበር ላይ ብረት ተቀምጧል፤ ኮባልት 57 በ272 ቀን ግማሽ ዕድሜ ወደ እሱ ይወርዳል። 61 ቁጥርን ኒኬል ይዞታል፤ ኮባልት 61 ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ግማሹ ያልቃል። ለኮባልት የደረሰው 59 ቁጥር ብቻ ነው። እዚያ ላይ ግን ባለቤቱ እሱ ነው፤ ብረት 59 በ44 ቀን ተኩል ግማሽ ዕድሜ ወደ እሱ ይመጣል፣ ኒኬል 59ም ከ70 ሺህ ዓመት በላይ የሆነ ግማሽ ዕድሜውን እየቆጠረ ከሌላኛው ወገን ወደ እሱ ይመጣል። ሁለቱ ጎረቤቶቹ ወደ እሱ ይፈሳሉ፤ እሱ ወደማንም አይፈስም።

ብቸኛውን ፕሮቶን ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው፤ የታሪኩ ሁሉ መነሻ እሱ ነው። በኒውክለስ ውስጥ ፕሮቶኖች በደረጃ በደረጃ ይሞላሉ፤ 28 ሲደርሱ አንድ ትልቅ ደረጃ ይዘጋል። 28 የፊዚክስ ሰዎች «አስማታዊ» ከሚሏቸው ቁጥሮች አንዱ ነው። ኮባልት 27 ስለሆነ ደረጃው ሊሞላ አንድ ብቻ ቀርቶታል። የዚህ ደረጃ ነዋሪ የሆነ ፕሮቶን ስፒኑ (እንደ መሽከርከር የሚቆጠር የቅንጣት ጠባይ) 7/2 ነው፤ የተጣመሩት እርስ በርሳቸው ስለሚሰራረዙ ያልተጣመረው የኒውክለሱን ሙሉ ጠባይ ይወስናል። ኮባልት 59 ስፒኑ 7/2 የሆነውም በዚህ ነው። የማግኔት ጉልበቱም ወደ 4.6 የኒውክለስ ማግኔቶን (የኒውክለስ ማግኔትነት መለኪያ) ይደርሳል፤ ፕሮቶኑ ፍጹም ብቻውን ቢሆን ኖሮ 5.79 መሆን ነበረበት፤ የጎደለው የተቀሩት 58ቱ ፈጽሞ ዝም እንዳላሉ ያሳያል።

ስለዚህ በፑንታዎ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ የኮባልት ኒውክለስ ጨረር ባይኖረውም ትንሽ ማግኔት ነው። በ1959 በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ሁለት ተመራማሪዎች ንጹሕ የኮባልት ብረት ወስደው ከውጭ ምንም ማግኔት ሳያስጠጉ ኒውክለሶቹ 213 ሜጋኸርዝ ላይ ሲያስተጋቡ ሰሙ፤ ይህ ከኤፍኤም ራዲዮ ድግግሞሽ እጥፍ ገደማ ነው። ብረቱ ራሱ ማግኔት በመሆኑ የውስጡ መስክ ለኒውክለሶቹ በቂ ነበር። ለጥያቄዎ አስፈላጊ አይደለም፤ ብዘለው ግን ይቆጨኝ ነበር።

ኮባልት 59 በራሱ የማይለወጥ ከሆነ ኮባልት 60 ከየት ይመጣል? ከውጭ ኒውትሮን ሲሰጠው። ኮባልት 59 ኒውትሮን እጅግ በቀላሉ ይቀበላል። ባለሙያዎች ይህን የመቀበል ዕድል የሚለኩት ባርን በሚባል የስፋት መለኪያ ነው፤ ኒውክለሱ ለመጣው ኒውትሮን ምን ያህል ሰፊ ዒላማ ሆኖ እንደሚታይ ማለት ነው። በዝግታ ለሚጓዝ ኒውትሮን ኮባልት 59 ስፋቱ 37 ባርን ነው። አሉሚኒየም ሩብ ባርን እንኳ አይሞላም፤ ብረትም ከ3 ባርን አይዘልም። ኒውትሮኑ ሲገባ ኒውክለሱ 7.49 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያተርፍና ትርፉን ወዲያው በጋማ ጨረር መልክ ይበትነዋል። የተቀረው ኮባልት 60 ነው።

ይህን የሚያህል የኒውትሮን ጎርፍ የሚገኘው በኒውክሌር ማብላያ ውስጥ ነው። በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ በሰከንድ 100 ሺህ ቢሊዮን ኒውትሮን የሚያልፍበት ማብላያ ውስጥ የኮባልት ቅንጣት አንድ ዓመት ቢቆይ፣ የላይኛው ቅንጣት የታችኛውን መጋረዱን ሳንቆጥር፣ ከመቶ 10 ያህሉ አቶሞቹ ወደ ኮባልት 60 ይለወጣሉ። ዓመት ሙሉ በዚያ ጎርፍ ውስጥ ተነክሮ ከመቶ 10! እዚህ ቶርኖ ቤትዎ ውስጥስ? ከሰማይ የሚመጣ ጨረር ከአየር ጋር ተጋጭቶ የሚፈጥራቸው ጥቂት ኒውትሮኖች በየትም ቦታ አሉ፤ ከፍታ ላይ ባለው አዲስ አበባም ከባሕር ወለል ይልቅ ትንሽ ይበረክታሉ። በፑንታው ውስጥ ባሉ 3 ግራም ኮባልት ላይ የሚፈጥሩት ግን በሰከንድ ከአንድ መፈራረስ በጣም፣ እጅግ በጣም ያነሰ ነው። እርስዎ በራስዎ ሰውነት ውስጥ ባለው ተፈጥሯዊ ፖታሲየም 40 ብቻ በሰከንድ 4 ሺህ ያህል መፈራረስ ይዘው ይዞራሉ። ፑንታውና እርስዎ ጎን ለጎን ብትቀመጡ የበለጠ ጨረር የሚያወጡት እርስዎ ነዎት።

በነገራችን ላይ የማብላያ ጣቢያ መሐንዲሶች ኮባልትን አይወዱትም። ቫልቮችን ለማጠንከር የሚለበጥ ኮባልት ያለበት ብረት ተፍቆ በውኃው ይሄድና ማብላያው ውስጥ 60 ሆኖ ይመለሳል፤ ቧንቧዎቹ ላይ ተለጥፎም ጥገና የሚያደርገውን ሠራተኛ ያስቸግራል። ለእርስዎ ቶርኖ ይህ ሥጋት አይደለም።

አሁን አዲስ የገባው ኒውትሮን ምን እንደሚያደርግ እንይ፤ የሕክምናው ማሽን ጠባይ የተወሰነው እዚህ ላይ ነው። የገባው ኒውትሮን እንደ ፕሮቶኑ ብቸኛ ነው፤ የሚቀመጥበት ደረጃ ስፒኑ 3/2 ነው። ስለዚህ በኮባልት 60 ውስጥ ሁለት ብቸኞች አሉ፤ 7/2 ያለው ፕሮቶንና 3/2 ያለው ኒውትሮን። ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞሩ ድምሩ 5 ይሆናል፤ ተቃራኒ ከሆኑ 2። ኮባልት 60 ሁለቱንም አለው! ስፒኑ 5 የሆነው ዋናው ነው። ስፒኑ 2 የሆነው በ59 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ብቻ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ወደ 5 ለመውረድ በስፒን ሦስት ደረጃ መዝለል ስላለበትም ይዘገያል፤ ግማሽ ዕድሜው 10 ደቂቃ ተኩል ነው። ከተያዙት ኒውትሮኖች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚህ በኩል ያልፋሉ፤ ከዚያ ዞሮ ዞሮ ሁሉም ማለት ይቻላል ወደ 5 ይደርሳሉ።

ኮባልት 60 መጨረሻው ኒኬል 60 ነው፤ ኒኬል 60 ደግሞ ፕሮቶኑም ኒውትሮኑም ሙሉ ጥንድ ስለሆነ በእረፍቱ ስፒኑ 0 ነው። ከ5 ወደ 0 በአንድ ጊዜ መውረድ በተፈጥሮ ሕግ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ኮባልት 60 በመጀመሪያ ደካማ ኤሌክትሮን ያወጣና ስፒኑ 4 ወደሆነ፣ ገና ያልተረጋጋ የኒኬል 60 ደረጃ ይወርዳል። ከዚያ ወደ 2 ሲወርድ 1.17 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ጋማ ይወጣል፤ ከ2 ወደ 0 ሲወርድ 1.33 ሚሊዮን ያለው ሌላ ጋማ። እነዚህ ሁለት ጋማዎች ናቸው የእናትዎን ዕጢ የመቱት። ሊገኝ ከሚችለው 2.82 ሚሊዮን ውስጥ 2.5 ሚሊዮን ያህሉ በጋማ የሚወጣው፣ ለኤሌክትሮኑ ጥቂት ብቻ የሚቀርለትም በዚሁ የስፒን ደረጃ ምክንያት ነው። ሐኪም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ኤሌክትሮኑ ምንጩን ከሸፈነው ማይዝግ ብረት ሳይወጣ ይቀራል፤ ጋማው ግን በቆዳ አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። የግማሽ ዕድሜው 5.27 ዓመት መሆኑም ተመችቷል፤ ማሽን ውስጥ ተገጥሞ ለዓመታት ለማገልገል በቂ ርዝመት አለው፤ ጥቂት ግራም ብርቱ ጨረር ለማውጣት ደግሞ በቂ አጭር ነው። ማንም አልነደፈውም፤ ስፒኑ 7/2 የሆነው ብቸኛ ፕሮቶን ያመጣው ነው።

ይኸው ስፒን 5 ሌላም ታሪክ አለው። በ1956 መጨረሻ ቺየን ሺውንግ ዉ የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ ከዋሽንግተን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ኮባልት 60ን ፍጹም ዜሮ ወደሚባለው ቅዝቃዜ እጅግ አስጠግተው ኒውክለሶቹን በማግኔት አሰለፏቸው፤ ኤሌክትሮኖቹም በአመዛኙ ከስፒኑ አቅጣጫ በተቃራኒ ሲወጡ አዩ። ተፈጥሮ ግራና ቀኝን ትለያለች ማለት ነው፤ ያኔ ብዙዎች ሊያምኑት ያልፈለጉት ነገር ነበር።

የሕክምናው ማሽን የተጀመረው በካናዳ ነው፤ በ1951 መጸው በኦንታሪዮዋ ለንደንና በሳስካቱን ከተሞች፣ ቾክ ሪቨር በተባለው ቦታ ባለ ማብላያ በበሰለ ኮባልት። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚፈልግ በሽተኛ ሁሉ የሚጠብቀው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የነበረውን የኮባልት ማሽን ነበር። የማሽኑ ልብ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ፣ በሁለት ድርብ ማይዝግ ብረት የታሸገ መያዣ ነው፤ በውስጡም ብዙውን ጊዜ ሚሊሜትር የሚያህሉ የኮባልት እንክብሎች ታጭቀዋል። ይህ ምንጭ አይጠፋም፤ ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። «ማሽኑ ተዘጋ» ሲባል ምንጩ ወደ ከባድ መከለያው ተመለሰ ማለት ብቻ ነው፤ እዚያም ሆኖ ጨረር ያወጣል። በየወሩ ከጉልበቱ ከመቶ 1 ያህል ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው የእያንዳንዱን በሽተኛ የጨረር ደቂቃ በየጊዜው ያርማል፤ አዲስ ምንጭ ሲገጠም 2 ደቂቃ የሚፈጅ ሕክምና ከአምስት ዓመት በላይ ሲቆይ 4 ደቂቃ ይሆናል። እናትዎ ከሌላ ታካሚ ይልቅ አልጋው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ቆይተው ከሆነ ብዙ ጨረር ወሰዱ ማለት አይደለም፤ ምንጩ አርጅቶ ሊሆን ይችላል።

ጨረሩ በእናትዎ ገላ አያድርም ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ምክንያቱ ይህ ነው። አንድን ተራ አቶም ወደ ራዲዮአክቲቭ ለመለወጥ ኒውክለሱን መንካት፣ ለምሳሌ ኒውትሮን መንቀል ያስፈልጋል። የኮባልት 60 ጋማ ትልቁ 1.33 ሚሊዮን ነው። ኒውትሮኑን በቀላሉ የሚለቅ ኒውክለስ ቤሪሊየም 9 ነው፤ እሱ እንኳ 1.67 ሚሊዮን ይጠይቃል። ከባዱ ሃይድሮጅን 2.22 ሚሊዮን። በሰውነታችን ያሉት ካርቦን፣ ኦክስጅንና ካልሲየም ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ጋማው ኤሌክትሮኖችን እያንገላታ፣ የካንሰሩን ሕዋሳት እየጎዳ ያልፋል፤ ኒውክለሶቹን ግን ሳይነካ። ሰውየውም፣ አልጋውም፣ የጤና ባለሙያው ጋውንም ከማሽኑ በኋላ እንደ ቀድሞው ናቸው። ከዚህ መለየት ያለበት ሌላ ሕክምና አለ፤ ለእንቅርት የሚሰጥ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የዋጠ ሰው ምንጩን በሰውነቱ ይዞ ስለሚወጣ ለጥቂት ቀናት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች እንዲርቅ ይታዘዛል። እናትዎ የወሰዱት ከውጭ የሚመጣ ጨረር ከሆነ ይህ አይመለከታቸውም።

ለቶርኖ ቤት ሰው ከፑንታው ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው የቁርጥራጭ ብረት ክምር ነው። ታኅሣሥ 1983 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በሜክሲኮዋ ሲዩዳድ ኹዋሬዝ፣ መጋዘን ውስጥ ተጥሎ የነበረ አሮጌ የኮባልት ማሽን ተፈታና ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ተሸጠ። ምንጩ ተሰብሮ ወደ 6,000 የሚጠጉ ሚሊሜትር የሚያህሉ እንክብሎች ተበተኑ፤ ከብረቱ ጋር ቀልጠውም የቤት መሥሪያ ፌሮና የጠረጴዛ እግር ሆኑ። ነገሩ የታወቀው በቀጣዩ ወር፣ ያንን ፌሮ የጫነ መኪና አሜሪካ ውስጥ በሎስ አላሞስ የምርምር ማዕከል አጠገብ ሲያልፍ የጨረር ማስጠንቀቂያው ስለጮኸ ብቻ ነው። በ2000 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በታይላንድ ሳሙት ፕራካን፣ የተጣለ የሕክምና ማሽን ራስ ቁርጥራጭ ብረት ቤት ውስጥ ተከፍቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ምናለሽ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ከመጠኑ በላይ የከበደ፣ እርሳስ የተሞላ የሚመስል፣ ሦስት ክንፍ ያለው የጨረር ምልክት ወይም የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው ያለበት ቀይ ሦስት ማዕዘን የተለጠፈበት ዕቃ ካገኙ በግራይንደር አይንኩት፤ ራቁ፣ ሌላውንም አርቁ፣ ለፖሊስ ወይም ጨረርን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል አሳውቁ። የተሰበረ ኮባልት 60 አይሸትም፣ አያበራም፣ ሲነኩትም አያቃጥልም፤ ቁስሉ የሚታየው ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ነው።

የእርስዎ ኮባልት 59 ጨረር የለውም ማለት ግን አቧራው ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። የካርባይድ ጫፍ ያላቸው መቁረጫዎች የተንግስተን ካርባይድ ዱቄት በኮባልት ተጣብቆ የተሠሩ ናቸው፤ በመሳያ ድንጋይ ሲስሏቸው የሚነሣው ደቃቅ አቧራ ለዓመታት ከተተነፈሰ ሳንባን ጠባሳ እያስያዘ ያደድረዋል፣ አስም የመሰለ ሕመምም ያመጣል። ኮባልት የነካው እጅ ላይ ቆዳው የሚቆጣ ሰውም አለ። ይህ የኬሚስትሪ ጉዳት ነው፤ ከኒውክለሱ ጋር አይገናኝም። ሲስሉ ውኃ ያርከፍክፉ፣ አየር የሚስብ ማራገቢያ ካለ ከድንጋዩ አጠገብ ያድርጉት፣ ደቃቅ አቧራ የሚይዝ ጭምብል ያጥልቁ፤ ተራ የጨርቅ ጭምብል ይህን አቧራ አይዘውም። ቀኑን ሙሉ የሚስል ወጣት ረዳት ካለዎት፣ ደረቅ ሳል ጀምሮት ሳምንታት ካለፉ፣ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ሥራው ካርባይድ መሳል መሆኑን ራሱ ይንገራቸው፤ ሐኪሙ ካልተነገረው በአብዛኛው አይገምተውም።